መኪናዋ ወደ ቤቷ የገባችበት ክረምት

ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ያለው ጋራዥ የተሠራው ለቮልሷ ነበር። አባቴ መሠረቱን ከማስቆፈሩ በፊት መኪናዋን በሜትር ለካት፤ ቁመቷ አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲ፣ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል ከትንሽ። በሯ የሚከፈትበትንና አንድ ሰው ተንበርክኮ የሚሠራበትን ቦታ ጨመረና አምስት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር አወጣው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ትቆማለች፤ ሞተሯ በሩ ጋ፣ የቀን ብርሃን የሚደርስበት ይሆናል። ይህን ሁሉ አስቦበት ነው የሠራው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭቃ የተመረገ፣ ኖራ የተቀባ። ጣሪያው ቆርቆሮ።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ቮልሷ የምታድረው ውጭ ነበር፤ ኮክ ዛፉ ሥር፣ ሸራ ለብሳ። ጋራዡን ሌላ ነገር ይዞት ነበር። ከሁለቱ የበር ክንፎች አንዱ ከውስጥ ጎማ ስለተደገፈበት አይከፈትም፤ በሌላው በኩል ጎናችንን ሰጥተን እንገባለን። ከበሩ እስከ ሞርሳው የምታደርስ አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነበረች። ከእሷ የሳተ እግር ወይ የክሪክ እጀታ ይመታዋል፣ ወይ የተቃጠለ ዘይት የያዘ ጣሳ ይደፋል። የሥራ ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የሚያሳርፍ ቦታ ስላልነበረ፣ አባቴ ካርቡራቶር ሲመጣለት በዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ነበር የሚፈታው። ጂግለሯ ከእጁ አምልጣ ከወደቀች ፍለጋው ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ምን አልነበረም እዚያ ውስጥ? በኒዶ ጣሳ ብሎን፣ በኪዊ ቆርቆሮ ሮንዴላ። ከመነዳሪ በክምር። የሰይቼንቶ ራዲያተር፣ የላንድሮቨር ባሌስትራ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፔጆ ማርሚታ። እጀታ የሌላቸው መዶሻዎች፣ መዶሻ የሌላቸው እጀታዎች። ብርጭቆው የተሰነጠቀ ማሾ። የሲንጀር መኪና መንኮራኩር። የምጣድ ሽቦ በጥቅል በጥቅል፣ ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ። ከሁሉም በታች ደግሞ ናፍጣና ግራሶ የጠጣ መሬት፤ ሽታው ክረምት ሲገባ ይብሳል፤ እኔ እስከ ዛሬ የዚያን ሽታ እወደዋለሁ።

ይህን ያየ እንግዳ አባቴን ዕቃ መጣል የማይሆንለት ሰው አድርጎ ይገምተው ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቴ ተግባረ ዕድ የተማረ፣ ከዚያም ዕድሜውን የመንግሥት መኪናዎች ጥገና ክፍል ውስጥ ያሳለፈ መካኒክ ነው፤ ንጹሕ የሥራ ቦታ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ቤቱን ያጨናነቀው ዘመኑ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ቤንዚን በኩፖን፣ ሳሙናና ስኳር በሕብረት ሱቅ ሰልፍ ሲሆን፣ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት የተራ ሰው ሐሳብ አልነበረም። አንዲት ኩሽኔታ ለማግኘት መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሰስ ነው። የባለታክሲ መኪና ቆመች ማለት የልጆቹ እንጀራ ቆመ ማለት ስለሆነ፣ ሰው ማታ ማታ የግቢያችንን በር ያንኳኳል፤ አባቴም ፋኖሱን ይዞ ይገባና ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት ዳዶ፣ ወይ የጓርኒሲዮን ቁራጭ፣ ወይ ያገለገለች ካንዴላ ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ እሱን የሚያህል ሀብታም በሰፈሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምጣዱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ኤሌክትሪክ ምጣድ የሸክላው ሆድ ላይ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው፤ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ ሽቦው ነድዶ መበጠሱ አይቀርም። ሴቶቹ አርብ ማታ ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ አልግል ሲል ይመጣሉ። ብዙ ሰው የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ያገናኘዋል። አባቴ ይህን አይወድም፤ የተጠመዘዘ ቦታ ዝጎ ሙቀቱ እዚያው ላይ ይበረታና ተመልሶ ይበጠሳል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሊጥ ተጥሎ እያለ። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፤ ከማገሩ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቅል ለዚህ ነው። ዋጋውን ሲጠይቁት «ትኩስ እንጀራ አምጡልኝ» ይላል። ቅዳሜ ጧት ቤታችን እንጀራ የሚጋገርበት ቀን አልነበረም፤ ከየአቅጣጫው ይመጣል።

ነገሩ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አንድ ቀን የቮልሷን የኋላ ወንበር አነሣ፤ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው። ባትሪውን አውጥቶ ወለሉን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጣቱ በላሜራው አልፎ ወጣ። የባትሪው አሲድ ከላይ፣ የክረምቱ እርጥበት ከታች ሆነው በልተውታል። ለረጅም ጊዜ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ከዚያ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እናቴ መጣና «ይህቺ መኪና ይህን ክረምት ውጭ አታድርም» አላት።

እናቴ መልስ አልሰጠችውም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና የተዘጋውን የበር ክንፍ ልትገፋ ሄደች። ለዓመታት የጠበቀችው ነገር ነበር።

ወንድሜን ጠራን፤ የእህቴ ባልም መጣ። ግቢው ላይ ሸራና ኬሻ አነጠፍንና ሁሉንም ማውጣት ጀመርን። በአንድ ነገር አባቴ ጥብቅ ነበር፤ ከፊሉን ትቶ ከፊሉን ማስተካከል አይሆንም፤ ወለሉ እስኪታይ ሁሉም ይውጣ አለ። እኔ አሁን የራሴን ቤት ሳስተካክልም ይህን እከተላለሁ። ዕቃ ቦታው ላይ እያለ ስታየው ቦታው የእሱ ይመስልሃል፤ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሲታይ ግን ራሱን ችሎ መልስ መስጠት አለበት።

ወንድሜ ሦስት ክምር ለየ፤ የሚቀር፣ የሚወጣ፣ «ይታሰብበት»። እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱ ክምሮች ትንንሽ ሲሆኑ ሦስተኛው የቮልሷን ጣሪያ ሊስተካከል ደረሰ። አባቴ ቡናውን ይዞ ዞር ዞር እያለ ተመለከተውና «ይሄን አፍርሱት» አለ። «እዚህ ቤት ያለው ሁሉ የታሰበበት ነው። እዚህ የደረሰው እየታሰበበት ነው።» ከዚያም ክረምቱን ሙሉ የሠራንበትን ደንብ ነገረን። «ይጠቅማል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የማይጠቅም ብረት የለም። ለማን ነው በሉ። ስም ከጠራችሁለት ይቀመጣል፣ ወይ ወደ ባለስሙ ይሄዳል። ስም ካልተገኘለት ቆራሌው ይውሰደው፤ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል።»

ይህ ደንብ ሲሉት ቀላል ነው፤ ሲሠሩበት ግን ሰውን ይፈትናል። የሰይቼንቶው ራዲያተር ለማን ነው? ሰፈራችን ውስጥ ሰይቼንቶ የሚነዳ ሰው ከቀረ ቆይቷል። ሄደ። ባሌስትራው? አንድ ቅጠል ብረቱ ለአንጥረኛ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል፤ አባቴ ወደ ሱሉልታ መንገድ ያለ አንጥረኛ ያውቅ ነበርና ስም ተገኘለት። ከመነዳሪው ለጋሪ ነጂዎች ማሰሪያ ተቆረጠ። በበርሜል የተጠራቀመው የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው የአጥር ቋሚ ለሚቀቡ ጎረቤቶች በጀሪካን ተከፋፈለ። የሞቱት ባትሪዎች ግን ለቆራሌው በልጅ እጅ እንዳይሰጡ አባቴ ራሱ ተሸክሞ አወጣቸው፤ ውስጣቸው እርሳስና አሲድ ነው።

ብሎኖቹ ጋ ስንደርስ እናቴ ሰፌዷን አመጣች። ጣሳውን ሰፌዱ ላይ ትገለብጥና እኔና እሷ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንለቅማለን። እኔ በርዝመት ልለይ ጀምሬ ነበር፤ አባቴ ከርዝመቱ በፊት ጥርሱን እዩ አለን። ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎንና የላንድሮቨሩ አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብሎን ውፍረታቸው በስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚለያየው፤ ዓይን አይለየውም። ጥርሳቸው ግን የተለያየ ነው። ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ደኅና ይሄድና ይነክሳል፤ ያን ጊዜ በጉልበት የገፋው ሰው ሁለቱንም አበላሸ። ሁለት ብሎን ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙ አለ። ጥርስ ከጥርስ ከተጠላለፈና በመሐላቸው ብርሃን ካላለፈ ዘመዳሞች ናቸው፤ ካለፈ አይደሉም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብሎን ወደ ፀሐይ እያነሣን ስንመለከት ዋልን። እናቴ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች፤ ጤፍ ስትለቅም የኖረች ዓይን ናት።

ከጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ሬዲዮዋ የወረደችው በማግስቱ ይመስለኛል። ትንሽ የፊሊፕስ ትራንዚስተር፣ በላስቲክ በጥንቃቄ የተጠቀለለች። እጀታዋ ላይ በክር የታሰረ ካርቶን አለ፤ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት የአንድ ልጅ ስም፣ «ድምፅ ይቆራረጣል»፣ «3 ብር»፣ ከሥሩም «ጥር 1969»።

ወንድሜ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው። እናቴ ሰፌዷን አስቀመጠች።

ልጁ ከእኛ ቁልቁል ካለው ቤት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሬዲዮኑን አምጥቶ በሳምንቱ ሊወስደው ተቀጣጠሩ። አባቴ ሠርቶ ጨረሰው። በዚያ ዓመት ከጉለሌ ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ሆነ። እናትየው፣ እትዬ የምንላቸው፣ በየእሑዱ በበራችን አልፈው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። አባቴ በዚያን ጊዜ ሬዲዮኑን ይዞ ሊሄድ አልደፈረም፤ ልጃቸው ይመለሳል ብለው ደጅ ደጁን የሚያዩ እናት በር ላይ ዕቃውን ይዞ መቆም «አይመለስም» ብሎ እንደማርዳት ታየው። ቆይቶ ደግሞ ቁስል መነካካት መሰለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ። የባትሪ ድንጋዮቹን ግን አውጥቷቸው ነበር፤ አሲዳቸው ፈስሶ ውስጧን እንዳይበላው። በየጊዜው እያወረደ እያበራ ይሞክራትም እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማነው።

«ይሄ የእኛ ዕቃ አይደለም» አለች እናቴ። «ስሙ ተጽፎበታል።»

ማታውን አባቴ አዲስ ድንጋይ ገዛ። ነጠላዋን ለብሳ እናቴ፣ ኮቱን ደርቦ እሱ፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቁልቁል ወረድን። እትዬ በር ላይ ነበሩ። አባቴ ምን ማለት እንዳለበት አጥቶ ሬዲዮኗን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ካርቶኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ቁልፏን አዞሩ፤ ተናገረች። ቁጭ አሉ፤ እናቴም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የሆነውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ግን እትዬ ዓይናቸውን ጠረጉና ከመቀነታቸው ሦስት ብር ፈትተው አወጡ። አባቴ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «ተቀበለኝ» አሉት። «ልጄ የሰው ሒሳብ ይዞ የሚቀር ልጅ አልነበረም።»

አባቴ ተቀበላቸው። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የተቀበለው። እምቢ ቢል ልጁን ባለዕዳ አድርጎ ማስቀረቱ ነበር፤ ይህን ለመረዳት እኔ ማደግ ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። ስም ያለበት ዕቃ ሁሉ ተለይቶ ወጣ፤ ካርቶን ያለበት፣ በግራሶ እርሳስ የተጻፈበት፣ እናቴ ብቻ የማን እንደሆነ የምታስታውሰው። የሰዓት፣ የብረት ካውያ፣ የልብስ ስፌት መኪና ክፍል። አንዳንዱ ባለቤት ሞቷል፤ ልጆቹ መጡ። አንዳንዱ አገር ለቋል። ከሰፈሩ ውስጥ ያለውን እኔና ወንድሜ በኬሻ ተሸክመን በየቤቱ አደረስን፤ አንድም ቤት ቡና ሳይጠጡ መውጣት አልተቻለም።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ የቀረው የቮልስ ዕቃ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አባቴ ራሱ ባወጣው ደንብ ተያዘ። ሁለት ሶሌክስ ካርቡራቶር፣ አንድ ሙሉ ካምቢዮ፣ ቴስታታዎች፣ በሮች፣ የሞተር ሆድ፣ ቺንጋዎች፣ የፍሪሲዮን ገመዶች። «ለማን ነው?» ስንለው «ለቮልሷ» ይላል። የሁለት ቮልስ ዕቃ ለአንዲት ቮልስ። ግማሹን ጋራዥ ያዘ። መኪናዋ አሁንም ዝናብ ላይ ናት።

ሐምሌ 23 ቀን ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ በምትባለው ከተማ የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ ወጣች። ጀርመን ውስጥ መሥራቱ ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ሜክሲኮ ግን እስከዚያ ዘልቃለች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ወሬውን የሰማነው በሬዲዮ ነው። ወንድሜ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «በቃ አባባ፣ አንዲትም እንዳትነካ! ከእንግዲህ ዋጋው ሰማይ ነው የሚነካው» አለ። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

አባቴ ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ መሰለኝ፣ ጧት ቱታውን ለብሶ ወጣ። «እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት አይገኝም ብዬ ነው» አለን። «እውነትም አይገኝም ነበር። አሁን ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። እንግዲህ እኔ ጋ ያለው ሌላው ጋ የለም ማለት ነው። ያቺ የሌላው ቮልስ ቆማ የእኔ ካምቢዮ እዚህ ሲዝግ ምን ይባላል?» የማጣት ዘመን እንዲያጠራቅም ያስገደደውን ሰው፣ ያው ማጣት እንዲያካፍል አስገደደው። ይህን ለውጥ ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ማታ ማታ በር ሲንኳኳ የኖረ ሰው የደረሰበት ነው። እኔ አባቴን ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው በዚያች ጧት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ብቻ የሚሠሩ መካኒኮች አሉ፤ ብዙዎቹን አስተምሯቸዋል። ካምቢዮውን አንዱ ወሰደ። ቴስታታዎቹን በላሜራ ለወጠ፤ ያ ላሜራ የቮልሷ ወለል ሆነ፤ ግቢያችን ውስጥ ተቆርጦ ተበየደ። በሮቹ ተሸጡ። ለራሱ አንድ ካርቡራቶር፣ ቺንጋ፣ ፑንቲና፣ ካንዴላና የፍሪሲዮን ገመድ አስቀረ፤ መንገድ ላይ የሚያስቀሩት እነዚህ ናቸውና። የአንድ የሻይ ሣጥን ዕቃ ሆነ።

ባዶውን ጋራዥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወለሉን በላምባና በመጋዝ ዱቄት ፈተግነው። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው፤ ከጨለማው ግማሹ ከግድግዳው ጥቁረት የመጣ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። አምፖሉ ከመሐል ጣሪያ ወደ ሥራ ጠረጴዛው አናት ተዛወረ፤ መሐል ላይ ሲሆን ሰውየው የራሱን ጥላ ሥራው ላይ ይጥላል። ከእንጦጦ ተዳፋቱን ይዞ የሚወርደው ውኃ በበሩ እንዳይገባ ወንድሜ ቦይ ቆፈረ።

የሞርሳውን ከፍታ አባቴ ሲያስተካክል እኔን ነበር ያቆመኝ። ክንድሽን እጠፊ አለኝ፤ የሞርሳው አፍ ከክርን እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ወገብ ይጎዳል፣ ከፍ ካለ ሞረዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እሱ ከእኔ ይረዝም ነበር። ለምን በእኔ እንደለካው አልጠየቅኩትም፤ ግን ከዚያ ወዲያ እሱ በሞርሳው ላይ ሲሠራ ጎንበስ ይል ነበር፤ እኔ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ምስማር አይይዝም፤ ምርጊቱ ይፈረፈራል። ስለዚህ ቋሚዎቹን እያንኳኳን ፈለግንና ከቋሚ ወደ ቋሚ ጣውላ አጋደምን፤ መፍቻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ሰጌቶው በጣውላው ላይ ተሰቀሉ። አባቴ የእያንዳንዱን ቅርጽ በቀይ ቀለም ከበበው። ማታ ሥራ ሲጨርስ ቀይ መስመር ብቻውን ከታየው የጎደለውን ሳያገኝ በሩን አይዘጋም። የኒዶ ጣሳዎቹ ቀርተው በቦታቸው የማርማላታ ጠርሙስ ገባ፤ ክዳኑ ከመደርደሪያው ሥር በምስማር ተመትቶ፣ ጠርሙሱ ከታች ተጠምዝዞ ይንጠለጠላል። ጣሳ ውስጥ ያለውን ለማወቅ መድፋት ነበረብን፤ ብዙ ጊዜ ያለንን ዕቃ ነው መርካቶ ወርደን ስንገዛ የኖርነው። ጠርሙሱ ግን ያሳያል። የሚሊ ሜትሩ በቀኝ፣ የኢንቹ በግራ። ከባዱ ብረት ሁሉ ወለል ላይ፣ ቤንዚንና ላምባ ውጭ።

ነሐሴ ሳይጋመስ አባቴ የቮልሷን ሸራ ገፈፈ። አስነሥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋት። ሁለቱም የበር ክንፎች ተዘጉ። ውጭው ዶፍ ነበር። ኮክ ዛፉ ሥር መኪናዋ ቆማበት የኖረችው ቦታ ላይ ሣር አልበቀለም ነበርና እናቴ ጎመን ዘራችበት።

አባቴ አሁን የለም። ጋራዡን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የሚያመጣለት ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ ቻርጀር፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል፣ ባትሪ። ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነው፤ አርብ ማታ ይመጣል፤ እሱም እንደ አያቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል። ቀዩ መስመር ከአንዳንድ ቦታ ደብዝዟል፤ ባለፈው መስቀል ሰሞን በአዲስ ቀለም ደገመው፤ ለመልቲሜትሩም ቦታ ጨመረለት። ሞርሳውን ግን ከፍ ሊያደርገው አሰበና ተወው፤ እኔም እዚያ ላይ እንደምሠራ ያውቃል።

በቀደም ከጠረጴዛው ሥር የባትሪ ክምር አየሁ። ከተበላሹ ሞተር ሳይክሎች የወጡ ናቸው፤ ከውስጣቸው ደኅና ደኅናው ተለቅሞ ሌላ ይሠራል ይላል። እውነቱን ነው፤ ይሠራል። አየኋቸውና «ለማን ነው?» አልኩት። ሳቀ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ጥያቄ ነው። ከዚያ አንድ ስም ጠራ፤ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሥራው የሚቋረጥበት። የመብራት ባትሪ ሊሠራለት ቃል ገብቶለታል።

«አልቋል?»

«አልቋል፤ መውሰድ ብቻ ነው የቀረው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ባትሪውን ፊት ለፊት ባለው የዕቃ መጫኛ ከተትነው፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና ዕቃው የሚገባው ከፊት ነው። እኔ ነዳሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሞተሩ ካንዴላ መቀየር አለበት እያለ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ተከራከረኝ።